ለሁሉም ይታይ

ከሰበታ እስከ ሱሉልታ የደብዳቤ ክብደት የሚለካው ከግርጌው ነው፦ «ግልባጭ፦ ለሥራ አስኪያጅ፣ ለሰው ሀብት፣ ለፋይናንስ፣ ለመዝገብ ቤት»። በዚህ ወግ ላደገ ሰው ተቀባዮችን እርስ በርስ የሚሰውረው ቢሲሲ የሚባለው የኢሜይል ሳጥን ነውር ቢመስለው ይፈረድበታል?

ስለዚህ የግዥ ሠራተኛው የዋጋ ጥያቄውን ለአቅራቢዎቹ ሁሉ በአንድ መስመር ደርድሮ ይልካል። ፕሮፎርማው በታሸገ ፖስታ ይቅረብ ይላል፤ ተወዳዳሪዎቹን ግን ራሱ አስተዋውቋቸዋል። የቡራዩው አቅራቢ የሱሉልታውን አድራሻ አገኘ። ዋጋውን ቡና ላይ ይጨርሱታል። ከዚያ አንዱ ትሑት ሰው «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ለሁሉም ይመልሳል።

ፈረንጅም አይሻልም፤ ልዩነቱ መቀጣቱ ነው። የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር በ2021 እ.ኤ.አ. ከታሊባን ለማምለጥ ለሚሹ አፍጋናውያን በጅምላ በላካቸው ኢሜይሎች የ265 ሰዎችን አድራሻ አጋለጠ። ሁለት ተቀባዮች ለሁሉም መለሱ፤ አንዱማ ያለበትን ቦታ ጭምር ጽፎ! በ2023 ሚኒስቴሩ 350,000 ፓውንድ ተቀጣ። የጠፋው ነገር አድራሻዎቹን ወደ ትክክለኛው ሳጥን ማስገባት ብቻ ነበር።

እኛም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለን። ለጊዜው ግን ከአዋጁ ይልቅ የሚፈራው አለቃ ነው፤ አለቃ ደግሞ ስሙ ከተቀባዮቹ አናት ላይ ካልታየ ያኮርፋል።