ዙፋን በእጅህ ሳለ እንዴት ታጣዋለህ?

ዙፋንህን ማጣት ከፈለግህ አስተማሪ ፍለጋ ሩቅ አትሂድ። እኔ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ፤ ከእኛ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለችው የመቅደላ አምባ ሁሉንም ታሳይሃለች።

መጀመሪያ የሰው ልጅ በመያዣነት አስቀምጥ። ዐፄ ቴዎድሮስ አምባዋን ከወሎ ገዢዎች ከወሰዱ በኋላ የወይዘሮ ወርቂትን ልጅ አመዴን እዚያ አሰሩት። ምርኮኛው የሸዋ ልጅ ምኒልክም እዚያው ነበር። በሰኔ 1857 ምኒልክ አምልጦ ወርቂት እጅ ገባ። እናት ናቸውና ልጃቸውን በእሱ ለማስለቀቅ አሰቡ። አንተ ታዲያ ለድርድር ጊዜ አትስጥ፤ ንዴትህ ሳይበርድ ልጁን ከነባልንጀሮቹ ግደልና ከገደል ወርውር። ቴዎድሮስ ያደረጉት ይህንኑ ነው። እናቲቱ የሚለውጡት ልጅ ሲያጡ ምኒልክን ወደ ሸዋ አሻገሩት። በ1860 እንግሊዞች መቅደላን ሲከቡ ወሎ ለንጉሡ አልደረሰም፤ ይልቁንም መውጫውን ዘጋ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አመዴ ያሳዝነኛል። ማንም አልጠየቀው።

ጠላትህ ሲሞት ደግሞ ቶሎ ከዘመድህ ጋር ተጣላ። ቴዎድሮስ ሲሞቱ ወርቂትና መስታወት፣ ሁለቱ የወሎ እመቤቶች፣ አምባዋ ለእኔ ትገባለች እያሉ የእንግሊዙ አዛዥ የናፒየር ሰፈር ደረሱ። ናፒየር አቃጥሏት ሄደ። የቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ግን እስከ ዛሬ እዚያው ተጋድሞ አለ።

ከዚያ ልጅህን አልጋ ወራሽ አስደርግና ዘውድ ሳይደፋ ዝም ብለህ ተቀመጥ። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የዐፄ ምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አግብተው ኢያሱን ወለዱ፤ ምኒልክም የልጅ ልጃቸውን በ1901 አልጋ ወራሻቸው አድርገው አወጁ። ኢያሱ ግን ሳይነግሥ ቀረ። መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ዕለት፣ እሱ ሐረር እያለ መኳንንቱ አዲስ አበባ ላይ ሻሩት።

አባትየው ሚካኤል ወደ ሸዋ ዘመቱ። ጥቅምት 9 ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱ። የአዲስ አበባ መንገድ ተከፍቶ ነበር። እዚህ ላይ ነው ዋናው ምክር፦ ድል ካደረግህ በኋላ ቆመህ ጠብቅ፤ የባላጋራህን የወዳጅነት ቃል እመን። ሚካኤል የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን መልእክት አምነው ዘገዩ፤ የሸዋ ጦር በእነዚያ ቀናት ተሰበሰበ። ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ የወሎ ገበሬ እንደ ቅጠል ረገፈ። ከእኛ አገር ስንት ቤት ያኔ ያለ አባት እንደቀረ የቆጠረ የለም።

ሚካኤል ተማርከው ጃን ሜዳ ላይ በሰንሰለት አለፉ። አዲሷ ንግሥት ዘውዲቱ የባለቤታቸው የሸዋረጋ እህት ናቸው፤ ወርቂት ልጃቸውን አጥተው ያሻገሩት የዚያ ምኒልክ ልጅ።