ምግብ ቤት ሳይከፈት እንዲዘጋ

ዋሺንግተን ዲሲ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት ሊከፍቱ አስበዋል? ዕቁቡ ወጥቶልዎታል፤ እህት ወንድም አዋጥቷል። ይህ ሁሉ ጥሪት ውኃ እንዲበላው ከፈለጉ የሚከተሉትን ያድርጉ።

1. ከሁሉ በፊት ሊዝ ይፈርሙ። ቤቱ ቀድሞ ልብስ መሸጫ ይሁን ጸጉር ቤት አይጠይቁ። «ሰርቲፊኬት ኦፍ ኦኪዩፓንሲ» የሚባለው ወረቀት ለምግብ ቤት አገልግሎት የተሰጠ መሆን እንዳለበት ከፈረሙ በኋላ ይድረሱበት። ወረቀቱ እስኪመጣ ኪራዩ ይቆጥራል።

2. ፕላን ሳያስጸድቁ ግንባታ ይጀምሩ። የእጅ መታጠቢያው፣ ባለ ሦስት ክፍል የዕቃ ማጠቢያውና የጭስ መሳቢያው ሁድ የት እንደሚቀመጥ ጤና ቢሮው ሳያየው ሴራሚኩን ያንጥፉ። ኢንስፔክተሩ ሲመጣ ያስነቅልዎታል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

3. የምግብ ደኅንነት ሥልጠናውን ይናቁ። «ዕድሜዬን ሙሉ አብስያለሁ፤ ማን ሊያስተምረኝ!» ይበሉ። በዲሲ ሕግ ግን ምግብ ቤቱ ክፍት በሆነበት ሰዓት ሁሉ፣ ፈተና ያለፈ የምግብ ደኅንነት ማናጀር በቦታው መገኘት አለበት። እርስዎ አንድ ሰው ብቻ ያስፈትኑ፤ እሱ የታመመ ዕለት ምን እንደሚሆን አያስቡ።

4. ዶሮ ወጡን በትልቅ ድስት ሠርተው ምድጃው ላይ ያሳድሩት። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ስፖሮቹ መንተክተኩን ይቋቋማሉ፤ ወጡ ቀስ ብሎ ሲበርድ ነቅተው ይራባሉ። ሥልጠናው የሚያስተምረው ይህንን ነው፦ ወጡ በ2 ሰዓት ውስጥ ከ135 ወደ 70 ዲግሪ ፋራናይት፣ በቀጣዮቹ 4 ሰዓታት ደግሞ ወደ 41 ወይም ከዚያ በታች መውረድ አለበት። ጥልቀት በሌለው ዕቃ ከፋፍሎ በበረዶ ማቀዝቀዝ ይበቃ ነበር። እርስዎ ቴርሞሜትር እንኳ አይግዙ።

5. ጥሬና ለብለብ ክትፎ ሲሸጡ ሜኑው ላይ ማስጠንቀቂያ አይጻፉ። ነፍሰ ጡሯ፣ አዛውንቱና ሕመምተኛው ሥጋው አለመብሰሉ ለእነሱ የባሰ አደጋ መሆኑን ሳያውቁ ይዘዙ።

ከእነዚህ አንዱንም እንዲያደርጉ አልፈልግም። እያንዳንዱ ፈቃድና ፈተና የሚጠብቀው ሰው አለ፦ አምኖዎት የሚጎርሰውን እንግዳ፣ ያዋጣልዎትን ዘመድ፣ ደመወዝ የሚጠብቀውን አስተናጋጅ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። መጀመሪያ ቤቱ ለምን አገልግሎት እንደተፈቀደ ያጣሩ። ሊዙ ላይ «ፈቃድ ካልተገኘ ውሉ ይፈርሳል» የሚል አንቀጽ ያስገቡ። ፕላኑ እስኪጸድቅ አንድም ግድግዳ አይንኩ። በዚያ መሐል እርስዎም፣ ሼፍዎም፣ የማታ ተረኛውም ፈተናውን ይውሰዱ። ኢንስፔክተሩን የሚፈራ ወጥ ቤት ሳይሆን፣ ኢንስፔክተሩ በሌለበት ቀንም እጁን የሚታጠብ ወጥ ቤት ይኑርዎት።