ልዩ ልዩ

ሰው ሲጠይቀኝ «ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን የቀኔን ግማሽ የማሳልፈው ወንበሩ በተነቀለ አሮጌ ሚኒባስ ውስጥ በአራት እግሬ እየዳኽሁ ዕቃ ስፈልግ ነው።

የደንበኛዬ የእማማ ጉዳይ ባይኖር ይህን ለማንም አልናገርም ነበር። እሳቸው ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው። ያን ዕለት ከአራት ቀን በኋላ መጥታ፣ ግቢው በሳፋና በባልዲ ተሞልቶ፣ ቆጣሪው አጠገብ ያለችው ኒፕል ተሰንጥቃ ውኃው ወደ ጎረቤት አጥር ይፈስሳል። ዋናውን ዘጋሁና «አምስት ደቂቃ፣ እማማ» አልኩ። የሚያስፈልገኝ አንዲት የግማሽ ኢንች ኒፕል ናት። መኪናዬ ውስጥ እንዳለች አውቃለሁ፤ ፌስታል ውስጥ ናት። ፌስታሉ ግን ማዳበሪያ ውስጥ ነው፤ ማዳበሪያው ውስጥ ደግሞ ሌሎች ሃያ ፌስታሎች አሉ፤ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም የተቋጠሩ። አንዱን ስፈታ ካናፓ፣ ሌላውን ስፈታ የደረቀ ዳቦ። ባለፈው ዓመት ተሰረቀብኝ ብዬ ስንቱን የጠረጠርኩበትን ፓፓጋሎም አገኘሁት፤ ደስ ብሎኝ ትንሽ አገላብጬ አየሁት። ኒፕሏን ይዤ ስወርድ አርባ ደቂቃ አልፏል። ገጠምኩ፣ ከፈትኩ። ቧንቧው ሽሽሽ ብሎ አየር ተነፈሰ። ውኃዋ ሄዳለች። እማማ ባዶ ሳፋቸውን እያዩ፣ «ምን ታድርግ ልጄ፣ እሷም ሌላ ሰፈር ሥራ አላት» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንደኔ ያለ ሰው ሲያፍር ጠባዩን አያርምም፤ ዕቃ መያዣ ፍለጋ ይወጣል። በማግሥቱ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሄጄ የቆርቆሮውንም የፕላስቲኩንም መያዣ ዋጋ ስጠይቅ ዋልኩ። ስስቴ አላስገዛ አለኝ። ቤት ስገባ ግን ወጥ ቤቱ ጥግ ስምንት ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች ተደርድረው አየሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ባዶ የሆኑት ለምን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር።

ጀሪካን እንዲህ በዋዛ የሚታለፍ ዕቃ አይደለም። ስሙ የመጣው ጀርመኖች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሠራዊታቸው ከሠሩት ባለ 20 ሊትር የነዳጅ መያዣ ነው። እንግሊዞች ጀርመኖችን «ጄሪ» እያሉ ይጠሯቸው ስለነበር ዕቃውንም የጄሪ ጣሳ አሉት። ያኛው ከላይ ሦስት እጀታ ነበረው፦ ሙሉውን ሁለት ሰው ተጋግዞ እንዲይዘው፣ ባዶውን ደግሞ አንድ ሰው ሁለት ሁለት አድርጎ በአንድ እጁ እንዲያንጠለጥለው። ይህን ሁሉ አጥንቻለሁ። ኒፕል የት እንዳስቀመጥኩ ግን አላውቅም።

ቢላዋ አግዬ ጀሪካኑን ቆሞ እንዳለ ከፊቱ የላይኛውን ግማሽ አነሳሁለት፣ እጀታውን ተውኩለት። ሲጎትቱት እንደ መሳቢያ ይመጣል። አንደኛው ሲያምርብኝ ስምንቱንም ጨረስኳቸው። ለትንንሾቹ ዕቃዎች ደግሞ ከሰፈር ግሮሰሪ አንድ የቢራ ሳጥን በማስያዣ ወሰድኩ፤ 24 ጠርሙስ መያዣው 24 ክፍል ማለት ነው፤ ጎሚቶ ለብቻው፣ ማኒኮቶ ለብቻው፣ ሪዱሰር ለብቻው። የሳጥኑ ወለል ወንፊት መሆኑን ያየሁት የግማሽ ኢንቹ ሁሉ መንገድ ላይ ሾልኮ ሲያልቅ ነው። ካርቶን አነጠፍኩለት። ከዚያ ወዲያ እንኳ ብሬከር በዘለልን ቁጥር ዕቃዎቹ ኮንዶሚኒየም እንደገባ ሰው ሲጠያየቁ ይውላሉ። ባለ ግሮሰሪው እስካሁን ሲያየኝ ሰላምታውን ትቶ «ሳጥኔስ?» ይለኛል።

ጽሑፉ የባሰ ነው። የመጀመሪያ ቀን ጀሪካኖቹ ላይ በኢንች ጻፍኩ፣ በሁለተኛው ቀን ዘመናዊ ልሁን ብዬ በሚሊ ሜትር። የ20 ሚሊ ሜትሩ ፕላስቲክ ቧንቧ የሚሄደው ከግማሽ ኢንች ጥርስ ጋር፣ የ25ቱ ከሦስት አራተኛ ጋር ነው፤ ስለዚህ አብረው የሚገጠሙት ዕቃዎች በሁለት ስም ሁለት ቤት ገቡ። ማርከሩም ዘይት የጠጣ ፕላስቲክ ላይ አይቆይም፤ በላብ እጅ ሁለት ጊዜ ከነኩት ይጠፋል። የቱ ጋ እንደሚገባ ያልወሰንኩትን ሁሉ «ልዩ ልዩ» ብዬ ወደ አንዱ ጀሪካን ወረወርኩ። በሳምንቱ «ልዩ ልዩ 2» ተከፈተ። መወሰን ስለማልወድ፣ መጣል ደግሞ ጭራሽ ስለማልችል (ጥርሱ ያለቀ ብሎን ለክፉ ቀን ይሆናል እላለሁ) በወሩ ከስምንቱ አምስቱ ልዩ ልዩ ሆኑ። ድሮ ዝብርቅርቁ ፌስታል ውስጥ ነበር፤ አሁን እጀታ አወጣ።

ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በእኛም ሰፈር ውኃ መጣች።

«አንተ! ጀሪካኖቹ የት ገቡ?» አለች ባለቤቴ።

«ሥራ ላይ ናቸው» አልኳት፤ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

ባትሪ ይዛ ወጥታ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተች። ተከትያት ስደርስ ሆዳቸው የተቀደደ ስምንት ጀሪካኖች ላይ እያበራች ታነባለች። «ልዩ ልዩ። ልዩ ልዩ። ልዩ ልዩ አራት።» ዞር ብላ አየችኝ። «መቶ ስድሳ ሊትር» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ያን ሌሊት ድስት፣ ሳፋ፣ የልጆቹ መታጠቢያ፣ ጀበናው ሳይቀር ውኃ ተሞላ። እኔ የቀዳሁት በሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። የሰው ውኃ የምቀጥል ሰው!

ረዳቴን እስካሁን ያላነሳሁት ስለማፍርበት ነው። ገና ሃያ አልሞላውም። የራሱ አንዲት የቀለም ባልዲ አለችው፤ ውስጧ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ አንድ ጥቅል ቴፍሎን፣ አፉ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ደግሞ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ዕቃ። ደንበኛ ቤት ስንደርስ ባልዲውን አንጠልጥሎ ይገባል፤ እኔ የኋላውን በር ስከፍት እሱ ጨርሶ እጁን ይታጠባል።

ባለፈው ሰኞ የነዳጁን ሰልፍ አይቶ ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ መኪናውን ትተነው በታክሲ ብንሄድስ?» አለኝ።

እንዴት ተደርጎ! ገና ያልተጻፈበት አንድ ጀሪካን አለኝ እኮ።