መቀስ ይዞ የሚመጣ እንግዳ

ኮተቤ ውስጥ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ፣ ገና ሃያ ያልሞላው ልጅ፣ ቅዳሜ ጠዋት በሬን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ አጎቴ ከውጭ ሲመጣ ክሬይፊሽ ሊያመጣልኝ ነው። ከጎልድፊሾቼ ጋር አንድ አኳሪየም ውስጥ ላኑረው?»

«መቀስ ይዞ ለሚመጣ እንግዳ መኝታ ቤትህን አትስጥ።»

«እሱ ታች፣ እነሱ ላይ! ፎቅና ምድር ቤት ማለት እኮ ነው።»

«ቀን ነዋ! ማታ መብራት ስታጠፋ አሳዎችህ ወደ ታች ወርደው ያርፋሉ። የሱ ሥራ የሚጀምረው ደግሞ ያኔ ነው።»

«በደንብ አበላዋለሁ፤ ከጠገበ ይተዋቸዋል።»

«የጠገበ መቀስ አይቼ አላውቅም።»

ክሬይፊሽ ላላየ ሰው፣ ሸርጣንን ይዘው ያስረዘሙት የሚመስል፣ ጨው በሌለው ውሃ የሚኖር ፍጡር ነው፤ ከፊት ሁለት ትልልቅ መቆንጠጫ አለው። አሳ አያባርርም። ጅራቱ የተንዘረፈፈው፣ ዘገምተኛው፣ የታመመው አጠገቡ እስኪያርፍ ይጠብቃል።

«የኔዎቹ ትልልቅ ናቸው፤ አይችላቸውም!»

«እንግዲያው ለሱ እዘንለት!» ከልቤ ነው ያልኩት። ቅርፊቱ አብሮት ስለማያድግ በየጊዜው አውልቆት ይወጣል። ያኔ ገላው እንደ ሊጥ ነው፤ አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር ቀናት ይወስዳል፤ ትልልቅ አሳዎች ካገኙት ይቦጫጭቁታል። የሚሸሸግበት የሸክላ ስባሪ ወይም ቱቦ የሌለው ክሬይፊሽ እነዚያን ቀናት ላያልፍ ይችላል። ያወለቀውንም ቅርፊት ቆሻሻ ነው ብሎ ማውጣት ጥፋት ነው፤ ካልሲየሙን በከፊል መልሶ የሚያገኘው እሱን በልቶ ነው። ለአሳ በሽታ ተብሎ መዳብ ያለበት መድኃኒት ከተጨመረ ደግሞ አሳው ሲድን እሱ ሊሞት ይችላል።

«ክዳን ግን አያስፈልገኝም፤ ክንፍ የለው!»

«የአየር ቱቦው መሰላሉ ነው። በተለይ መብራት ሄዶ ፓምፑ ሲቆም።»

ዝም አለ። መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ኮተቤ ላደገ ልጅ አይነገርም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚይዘው ወደ ሩብ ያህል ያንሳል። «ለዚህ መስታወት ይህን ያህል አሳ» የሚለው የውጭ አገር ልክ ለኛ ይበዛል።

«እሺ፣ ካስቸገረኝ ወንዝ እለቀዋለሁ። ነፍስ አላጠፋም።»

«ቁጭ በል» አልኩት። «አንዱን አትርፈህ ስንቱን ልትገድል ነው?»

በአፍሪካ ዋና ምድር አገር በቀል ክሬይፊሽ የለም፤ ማዳጋስካር ብቻ አላት። ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ላይ ቀዩ ክሬይፊሽ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ የሐይቁን የውሃ ውስጥ ዕፅዋት አመናመነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጀርመን የቤት አኳሪየሞች ውስጥ የታየው ዝንጉርጉሩ ዝርያ ደግሞ ሁሉም ሴት ነው፤ አንዷ ያለ ወንድ ትባዛለች፤ ዛሬ ማዳጋስካርን ወሯል።

«አንድ ብቻ ነው እኮ ጋሼ!»

«እምቦጭም በብዙ አገር የገባው ለአበባው ውበት ተብሎ ነው። ጣናን ጠይቀው!»

ከኮተቤ የሚወርደው ውሃ አቃቂን፣ አባ ሳሙኤልን አልፎ አዋሽ ይገባል፤ ከዚያ ቆቃ ነው። ከቆቃ በታች ደግሞ አዋሽ እስከ አፋር ይሄዳል። የቆቃ ሐይቅን ቆሮሶ አሳ አስግሮ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው አለ። ይህ ልጅ አያውቀውም፤ እኔም አላውቀውም፤ ግን ከኛ ወንዝ በታች ነው ያለው።

«እና ምን ላድርግ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ሁለት መስታወት። ለእሱ ለብቻው፣ ጥብቅ ክዳን ያለው።»

«ቦታ የለኝም።»

«አጎትህ ገና አልተሳፈረም አይደል? ደውልለት።»