ነፋስ አሳዳጆች

ከአዳማ ወደ አሰላ ስትወጡ፣ አዋሽ መልካሳን አልፋችሁ ደራ አለች። በበጋ እኩለ ቀን ላይ እርሻዋ አቧራ ያቆማል። ፀሐይ ባዶውን መሬት ታግለዋለች፤ የጋለው አየር ሽቅብ ይሸሻል፤ የዙሪያው አየር ክፍተቱን ለመሙላት ሲሻማ መሽከርከር ይጀምራል፤ ገለባና ፌስታል አንጠልጥሎ ይነሳል። ድሮ ይህን ያየ ሰው እንደ እምነቱ «በስመአብ» ወይም «ቢስሚላህ» ብሎ መንገድ ይለቅ ነበር፤ ውስጡ ጋኔን አለ ይባላላ! ዘንድሮ የሚሸሸው ጋኔኑ ሳይሆን አይቀርም። ስልክ የመዘዘ ጎረምሳ ሁሉ እየተከተለው ነው።

ቪዲዮዎቹን አይቻለሁ። መጀመሪያ የሚቀርጸው ልጅ ጫማ ይታያል፤ ቀጥሎ ጣቱ፤ ከዚያ «ወይኔ! ወይኔ!» የሚል ድምፅ፤ ነፋሱ ብልጭ ይልና ካሜራው ዞሮ በአቧራ የነጣ ቅንድብ ላይ ያርፋል። ነፋሱ ለፊቱ አጃቢ ነው።

ርዕሱ ደግሞ «ቶርኔዶ በደራ!» ይላል። ቶርኔዶ ከነጎድጓድ ደመና ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ የእኛው ከመሬት ተነስቶ፣ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ የሚበተን አዙሪት። «ቶርኔዶው» ላይ ያለው ሰማይ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል፤ አንዲት ደመና የለም። ይህም ያልበቃው የአሜሪካ ቪዲዮ አውርዶ «ትናንት ደራ» ብሎ ይለጥፋል። ከኋላ ቢጫ የተማሪ አውቶቡስ እያለፈ! ደራ መቼ ነው እንዲህ ያለ ሰርቪስ የገባላት?

ለአሜሪካኖቹም ቢሆን ቶርኔዶ ማሳደድ ጨዋታ አይደለም። ቲም ሳማራስ የሚባለው መሐንዲስ የመለኪያ መሣሪያ በቶርኔዶ መንገድ ላይ እያስቀመጠ ያጠና የነበረ፣ በጥንቃቄውም የታወቀ ሰው ነበር። ግንቦት 23 ቀን 2005 ዓ.ም. ኦክላሆማ ውስጥ ኤል ሬኖ አጠገብ፣ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ቶርኔዶ እሱን፣ ልጁንና ባልደረባውን ከነመኪናቸው ወሰዳቸው። የእኛ ሰው የሚያሳድደው በባጃጅ ነው። ያውም በሩ ሸራ በሆነ ባጃጅ።

ክረምት ሲገባ አደኑ ወደ መብረቅ ይዞራል። ዝናቡን ሸሽቶ ብቸኛ ግራር ሥር ይቆምና ስልኩን ወደ ሰማይ ይደግናል፤ መብረቅ ራሱ ቢመርጥ የሚመርጣት ዛፍ ናት። የነጎድጓድ ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከብልጭታው በኋላ እስከ 9 ቆጥረህ ከሰማኸው 3 ኪሎ ሜትር ላይ ነው ማለት ነው፤ ቀጣዩ አንተ ጋ ለመድረስ አይሰንፍም። ልጁ ግን የሚቆጥረው ላይክ ነው።

ነፋስ ይዞ ያተረፈ ካለ አዳማ ከፍታ ላይ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ማማዎች ናቸው። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው ምዕራፍ ብቻ 102 ተርባይኖች፣ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ቆመው ነው የሚጠብቁት፤ ሲሮጡ ታይተው አያውቁም።

ደራ ውስጥ ግን ሩጫው ግቢ ድረስ ይዘልቃል። አዙሪቱ አጥር ጥሶ የተሰጣ በርበሬ ላይ ሲወጣ፣ ጎረምሳው ስልኩን ደግኖ ከኋላው ይገባል።

«ማዘር፣ ትንሽ ዘወር ይበሉልኝ፣ ከለሉኝ!»

«ዘወር እልልሃለሁ የኔ ልጅ። አንተ ብቻ ያንን የጆንያ ጫፍ ያዝልኝ።»

«እየቀረጽኩ ነው እኮ፣ ማዘር!»

«በአንድ እጅህ ነዋ የምትቀርጸው!»