አምበር እጠብቃለሁ ብሏል

ስልኬ የጠራው የዓባይን በረሃ ወጥተን ደጀን ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ነው። ደዋዩ የአክስቴ የልጅ ልጅ ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። «ጋሼ!» አለኝ። ከዚያ ነፋስና ጩኸት፣ ከዚያ የተቆራረጠ ወሬ፣ በመጨረሻ ግን ጥርት ብሎ «…አምበር እጠብቃለሁ ብሏል» የሚል ድምፅ ሰማሁ። መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ብደውል አልገባልኝ አለ።

ጊዜው 2004 ዓ.ም. ጥር ነው። የአክስቴ የአርባ ቀን ተዝካር በማግሥቱ ቢቸና ላይ ይወጣል። አክስቴ የአምበር ተወላጅ ነች፤ ተድራ ቢቸና ሄዳ እዚያው ወልዳ፣ እዚያው አርጅታ፣ እዚያው ሞተች። ቀብሯ ላይ አልደረስኩም፤ ስለዚህ ለተዝካሩ እንኳ ልድረስ ብዬ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተራ ተገኘሁ። በቦርሳዬ ውስጥ ያመጣሁት አንድ ነጠላ ነበር። ከዓመት በፊት ላመጣላት ቃል ገብቼ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ ሳላደርስላት የቀረሁት ነጠላ ነው። ለነፍሷ ለአንዲት ችግረኛ ይሰጥልኝ ብዬ ነው የያዝኩት።

ደጀንን የሚያውቅ መንገዱ እዚያ ለሁለት እንደሚከፈል ያውቃል። አንዱ በሉማሜና በአምበር አድርጎ ደብረ ማርቆስ ይገባል፤ ሌላው ወደ ቢቸና ይታጠፍና በደብረ ወርቅ አልፎ ሞጣ ይዘልቃል። ከልጁ ስልክ በፊት ሐሳቤ ደጀን ወርጄ ወደ ቢቸና መታጠፍ ነበር። አሁን ግን «እጠብቃለሁ ብሏል» ተባልኩ። ያለው ማን ነው? የልጁ አባት፣ የአክስቴ የበኩር ልጅ ነዋ፤ ጉዳዩን ሁሉ የያዘው እሱ ነው። የሚጠብቀውስ? ያው እሱ። «እመጣለሁ ብሏል» ሲባል መጪው ባዩ አይደለም? ዘመዶቹ ሁሉ አክስቴ በተወለደችበት በአምበር ተሰብስበን አብረን ልንሄድ ይሆናል አልኩ። ወደ ቢቸና የሚሄደው ሚኒባስ ረዳት «ቢቸና! ቢቸና! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ አልፌው በሉማሜው መንገድ ተሳፈርኩ።

ሉማሜን ጥቂት እንዳለፍን ሚኒባሱ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን ቢያስነሳው፣ ቢገፋ፣ ቢያስገፋ ለውጥ የለም። ላቡን በክንዱ እየጠረገ ወደ እኛ ዞረና «አልነሳልኝ አለ እኮ!» አለን። ያን ጊዜ በቀኑ ማለቅ ተበሳጭቼ ስለነበር ቃሉን ልብ አላልኩትም። ማታ ግን መልሼ አሰብኩት።

አምበር የደረስኩት ሲጨልም ነው። መኪናው ያወረደኝ ቦታ ላይ ጋቢ የለበሰ ልጅ ብቻውን ቆሟል። ሮጦ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ።

«አባትህስ?» አልኩት።

«ቢቸና ነው።»

«እጠብቃለሁ ብሏል አላልከኝም?»

ልጁ ደነገጠ። «እኔ ነኛ ጋሼ! እኔ አምበር እጠብቃለሁ ብሏል። በጎቹን አይሱዙው እስኪጭናቸው ድረስ አንተ አምበር ትጠብቃለህ አለኝ። እርስዎ ደጀን ወርደው ቢቸና ይምጡ ነው ያለው። ነገርኩዎ እኮ!»

ነግሮኛል፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ኔትወርኩ በልቶታል። በጎቹ በአይሱዙው ከሄዱ ቆይተዋል። ልጁ በኋላ ከቢቸና ደውለው አለመድረሴን ሲነግሩት ምናልባት ወደዚህ መጥቼ እንደሆነ ብሎ መንገድ ላይ ሲጠብቀኝ አምሽቷል። ጥፋቱ የሱ አይደለም። «እኔ»ን አጥርቼ ብሰማው ኖሮ እንኳ አይጠቅመኝም ነበር፤ «እኔ እጠብቃለሁ ብሏል» ሲባልም «እኔ» የአባቱ ሊሆን ይችላልና።

በዚያ ሰዓት ወደ ደጀን የሚመለስ መኪና አልተገኘም። ልጁ ከሚያድርበት ቤት አጠገብ አንዲት ሴትዮ የምታከራየው ክፍል ተሰጠኝ። ሽሮ በላሁ፤ ተኛሁ፤ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ።

ይቺን የመጨረሻ ሐረግ አንባቢ ቀስ ብሎ ይመልከታት። «አልወስደኝ»። ውስጧ ሁለት የመጀመሪያ መደብ አለ። «አልወስድ» የሚለው «እኔ» እንቅልፍ ነው፤ እምቢ ባዩ እሱ ነውና። «-ኝ» ግን እኔ ነኝ፤ አልጋው ላይ የምገላበጠው። በአንድ ግሥ ውስጥ ሁለት «እኔ» ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ አንደኛው የእንቅልፍ፣ ሁለተኛው የኔ። የሾፌሩም «አልነሳልኝ አለ» እንደዚሁ ነው፤ የማይነሳው «እኔ» ሞተሩ፣ የቸገረው «-ልኝ» ሾፌሩ። ይህን የሚናገረው ማንም ሰው ነው፤ ሕፃናትም ሳይሳሳቱ ይሉታል።

በዚያን ዘመን የቋንቋ ጥናት በማታ እማር ነበርና በቦርሳዬ ውስጥ የፎቶ ኮፒ ወረቀቶች ነበሩ። በስልኬ መብራት አወጣኋቸው። የሚያወሩት ስለ ክልል ነው። የመንግሥትን ክልል ማለቴ አይደለም፤ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ስላለው አጥር ማለቴ ነው። ጥናቱ አገባብ ይባላል። የዲማና የዋሸራ የቅኔ መምህራን ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ብለው ከፍለው የሚያስተምሩት «አገባብ» የራሱ ነገር ነው፤ የዛሬዎቹ የቋንቋ ሊቃውንት አገባብ የሚሉት ደግሞ ቃላት እንዴት ሐረግ፣ ሐረጎች እንዴት ዐረፍተ ነገር እንደሚሆኑ የሚመረምረውን ጥናት ነው። የቋንቋ ሊቁ ኖአም ቾምስኪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱ ተውላጠ ስም የሚዳኝበት ክልል እንዳለው ለማሳየት ሞከረ። «ልጁ አየው» ካልን የታየው ሌላ ሰው ነው፤ ልጁ ራሱ ሊሆን አይችልም። በዚያች ጠባብ አጥር ውስጥ ባለቤቱና «-ው» አንድ እንዳይሆኑ ተከልክለዋል። «ልጁ አባቱ እንዳየው ያውቃል» ብንል ግን የታየው ልጁ ሊሆን ይችላል፤ «-ው» ያለው በአባቱ አጥር ውስጥ ነውና ከአጥር ውጪ ካለው ልጅ ጋር መዛመድ አይከለከልም።

አማርኛችን እንዲህ ያለውን አጥር በሌላም ቦታ ያሳያል። «ትልቁ ቤት» እንላለን፤ የታወቀ ነገርን የምታመለክተው «-ኡ» ፊት ለፊት ያገኘችውን ቅጽል ትይዛለች። «ትናንት የመጣው ሰው» ስንል ግን «ትናንት»ን አትነካትም፤ የጥገኛው ዐረፍተ ነገር ጠርዝ የሆነውን ግሥ ብቻ ትይዛለች። «ለሚስቱ ታማኙ ባል» ላይም «ሚስት»ን አልፋ «ታማኝ» ላይ ታርፋለች። ሩት ክሬመር የተባለች አሜሪካዊት የቋንቋ ተመራማሪ ይህን የአማርኛ ጠባይ ይዛ፣ ሰዋስው ዐረፍተ ነገሩን በክልል በክልል እየቆለፈ እንደሚሠራ፣ ለውጭ የሚታየውም የክልሉ ጠርዝ ብቻ እንደሆነ ተከራክራለች። «-ኡ» ከበር ውጭ ቆማ የምትጠብቅ ዶሮ ትመስለኛለች፤ ደጃፉ ላይ የወደቀውን ትለቅማለች እንጂ ጓዳ አትገባም።

የኔ ቁስል ግን «እኔ» ላይ ነበር። ዴቪድ ካፕላን የተባለ ፈላስፋ «እኔ» ምንጊዜም የሚያመለክተው በዚያች ቅጽበት የሚናገረውን ሰው ነው አለ። «እኔ»ን ከተናጋሪው ነጥቆ ለሌላ የሚሰጥ ቃል ቢኖር «ጭራቅ» ነው ብሎ ስም አወጣለት፤ በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ጭራቅ የለም፤ ሊጨመርም አይችልም ሲል ደመደመ። ጽሑፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ፊሊፕ ሽሌንከር የተባለ ፈረንሳዊ ኤም አይ ቲ ውስጥ በጻፈው የዶክትሬት ጽሑፍ ጭራቁ አለ ብሎ ተነሣ። ከዋና ምስክሮቹ አንዱ አማርኛ ነው፤ ምሳሌውም «ጆን ጀግና ነኝ ይላል» የሚል ነበር። ጀግናው ጆን ነው፤ ተናጋሪው አይደለም።

ይህን ሳነብ ከአልጋዬ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ጭራቁ የኛ «አለ» ነው! በእንግሊዝኛ ሊጨመር እንኳ አይችልም የተባለው ነገር እናቶቻችን በየደቂቃው የሚሉት ቃል ነው።

ጥርጣሬ ያለው ሰው «ይህማ የሰውን ቃል እንዳለ መድገም ነው፤ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያለ ነገር ነው» ይል ይሆናል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ግን ገበያ የዋለ ሰው «እገዛዋለሁ ያለውን በሬ ሸጡበት» ይላል። በሬው «እገዛዋለሁ» ከሚለው አጥር ወጥቶ ሄዷል፤ የገዢው «እኔ» ግን ውስጥ ቀርቷል። ጥቅስ ቢሆን ምንም ሊወጣ ባልቻለ ነበር። «ምን እገዛለሁ አለ?» ብለንም እንጠይቃለን፤ ጠያቂው እኔ ነኝ፣ «ምን» የኔ ጥያቄ ነው፣ «እገዛለሁ» ግን የሱ ነው። እንግዲህ አጥሩ የድንጋይ ካብ አይደለም፤ የእሾህ አጥር ነው፤ የሚያሳልፈውም የሚይዘውም አለ።

በሩን የሚከፍተውም እያንዳንዱ ቃል አይደለም። ልጁ «አምበር እንደምጠብቅ ነገረኝ» ቢለኝ ኖሮ የሚጠብቀው እሱ እንደሆነ ወዲያው አውቅ ነበር፤ በ«እንደ» አጥር ውስጥ «እኔ» ከተናጋሪው አትለይም። «አለ» ሲመጣ ግን «እኔ» ወደ ባዩ ትሻገራለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ሳትሻገር ትቀራለች። ሽሌንከርን ተከትለው የመጡ ተመራማሪዎች ቱርክ ውስጥ በሚነገረው ዛዛኪ፣ በአንድ አጥር ውስጥ ያሉት «እኔ»ን የመሳሰሉ ቃላት ሁሉ ወይ አብረው ይሻገራሉ ወይ አብረው ይቀራሉ ብለዋል። አማርኛ በዚህ አይገዛም፤ «አልወስደኝ አለ» ብሎ አንዱን አሻግሮ ሌላውን ያስቀራል።

የሚቆጨኝ ይህን ነገር ከአገር ውስጥ የመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን በባዕድ ቋንቋ ከተጻፈ ወረቀት ማግኘቴ ነው። ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ያሳተመው «የአማርኛ ሰዋስው» አማርኛን በአማርኛ ለመመርመር ትልቅ በር ከፍቷል፤ ያን በር አልፎ የገባው ግን ጥቂት ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ የመደብ ሠንጠረዥ አሸምድጃለሁ፤ «አልነሳልኝ አለ» ውስጥ ስንት «እኔ» አለ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ይህን ቢጠየቅ ክፍሉ በደስታ ይናወጥ ነበር።

ሲነጋ ከልጁ ጋር መንገድ ዳር ቆምን። ከደብረ ማርቆስ የሚመጡት መኪናዎች ሞልተው ያልፉናል። አራት ሰዓት ላይ አንዱ አጥብቦ ወሰደን፤ ደጀን ላይ ደግሞ የቢቸናው ሚኒባስ እስኪሞላ ጠበቅን። ቢቸና ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ፍትሐቱ ተፈትቷል፤ ካህናቱ በልተው ሄደዋል፤ ድንኳኑ ሥር የቀሩት ሳህን የሚያጥቡ ሴቶች ብቻ ነበሩ። የአክስቴ ልጅ አቅፎኝ ምንም አልተናገረም።

ጥግ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፤ ከአክስቴ ጋር አጥር ለአጥር የኖሩ፣ ሌላ ዘመድ የሌላቸው ጎረቤት ናቸው። እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ ስምህን ሳትጠራ አንድ ቀን አልዋለችም» አሉኝ። «ሳልሞት መጥቶ ያየኛል ትል ነበር። ነጠላ ያመጣልኛል፣ እሱን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ ትል ነበር።»

ያየኛል። ያመጣልኛል። እስማለሁ። አርባ ቀን አፈር የተጫናት ሴት «እኔ» እያለች በጎረቤቷ አፍ ትናገራለች። ሴትዮዋ «እንደምታያት፣ እንደምታመጣላት» ብለው ቢነግሩኝ ኖሮ ወሬዋን ብቻ በሰማሁ ነበር።

ቦርሳዬን ከፈትኩና ነጠላውን አውጥቼ አሮጊቷ ጭን ላይ አስቀመጥኩት።