ራስ ደጀንን በሐምሌ ለመሳት

የተሳሳተ መንገድ የሚመረጠው ደባርቅ ላይ አይደለም። አዲስ አበባ፣ ማኪያቶ ከፊት ተቀምጦ ነው። አራት ሆነው ይሰብሰቡ፤ ከመካከላችሁ አንዱ እንጦጦን ሳያርፍ የወጣና ይህንኑ በተገኘበት ሁሉ የሚያነሳ ይሁን። መሪያችሁ እሱ ነው። ወሩን ሐምሌ ያድርጉት። በጥቅምትማ ሰማዩ ጠርቶ፣ ጭቃው ጠጥሮ ማንም ይሄዳል። ጉም፣ የበረዶ ጠጠርና መብረቅ ባለበት ወር ስሜን ተራሮችን የረገጠ ሰው ግን ወሬው እስከ መስቀል ይበቃዋል።

የመንገድ ምልክት ጉዳይ አያስጨንቅዎ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ እስከ ዛሬ አንድ ሰው ቀስት ሳይስልበት ይቀራል? (ቅርስ ያሰኙት ገደሎቹ፣ ዋልያዎቹና ጭላዳዎቹ ናቸው፤ ቀስት የሚባል ነገር አልተነሳም። ይህን ግን ለጓደኞችዎ አይንገሩ።)

ካርታ ስልክዎ ላይ አለ። አንድ ጣት መነሻችሁ በሆነው የጨነቅ ሰፈር ላይ፣ ሌላውን ራስ ደጀን ላይ ያሳርፉ፤ ርቀቱ ስንዝር አይሞላም። በመካከል እንደ ጣት አሻራ የተጠማዘዙትን ቀጫጭን መስመሮች ግን እንዳያነቡ። ካነበቡ የቧሂት ማለፊያ 4200 ሜትር ገደማ መሆኑን፣ ከዚያ ወደ መሸሃ ወንዝ 1400 ሜትር ያህል ቁልቁል መወረዱን፣ ከወንዙ ደግሞ እንደገና ወደ አምቢቆ መንደር ሽቅብ መወጣቱን ይረዳሉ። ዋናው ተራራ የሚጀመረው ገና ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ወይ አንድ ቀን ይጨምራል፣ ወይ አጠር ያለ መንገድ ይመርጣል። ሁለቱም ለዓላማችን አይበጁም።

ሰዓት ማስላት ከፈለጉም ጠንቀቅ ይበሉ። ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 አንድ ቀላል ስሌት አቅርቦ ነበር፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ይያዝ፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ይታከል የሚል። በዚህ ሂሳብ 3200 ሜትር ላይ ካለው አምቢቆ 4550 ሜትር ገደማ እስከሆነው ጫፍ ለዳገቱ ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ይጨመራል። ያውም የስኮትላንድ ትልቁ ተራራ 1345 ሜትር ነው፤ ደባርቅ ገበያው ራሱ የዚያን እጥፍ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ለሳሳ አየርና ለሐምሌ ጭቃ ናይስሚዝ ያሰበው ነገር የለም። እናም ስሌቱን ይተዉትና መሪያችሁ እንጦጦን የወጣበትን ሰዓት በሦስት ያባዙ። ይበቃል።

ከጨነቅ የሚነሱት ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ይሁን። ቁርስ በደንብ ይበላ፣ ፎቶም ይነሳ። እስከ አምቢቆ ለለመደ እግር እንኳ ሙሉ ቀን ስለሚፈጅ ቁልቁለቱ መሃል ሳሉ የከሰዓቱ ዝናብ ይደርስልዎታል። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ የሚሻገሯቸው ጅረቶች ያን ጊዜ ደፍርሰው፣ ድንጋዩን እያንከባለሉ ይጠብቁዎታል። ጠዋት ማልዶ የተነሳ መንገደኛ ይህን ሁሉ አያይም።

አሁን ወደ ዋናው ጥበብ እንምጣ፤ መንገድ መጠየቅ። ፓርኩ አስጎብኚና ስካውት ይዛችሁ እንድትገቡ ያዝዛል። በየትኛው ሸንተረር ጉም ቶሎ እንደሚወርድ፣ የትኛው ጅረት መቼ እንደሚሞላ ስካውቱ ያውቃል፤ ስለዚህ እንዳታማክሩት። ከኋላ ጠብመንጃውን አንግቶ ይከተል። እናንተ የምትጠይቁት በግ የሚጠብቀውን ልጅ ነው። ልጁ አገሩን ስለማያውቅ አይደለም፤ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ጥበቡ ያለው አጠያየቁ ላይ ነው። «ወደ አምቢቆ በየት ነው የሚኬደው?» ብለው በፍጹም እንዳይጠይቁት፤ ትክክለኛውን ይነግርዎታል። በጣትዎ የፈለጉትን አቅጣጫ እያሳዩ «በዚህ ነው አይደል?» ይበሉት። እንግዳን ማሳፈር ነውር ነውና «አዎ ጋሼ» ይልዎታል። ቀጥለው «ቅርብ ነው?» ይበሉ። «ቅርብ ናት፣ ያቻትና!» ይላል በከንፈሩ ወደ ማዶ እየጠቆመ። እሱ አልዋሸም፤ ለእሱ ቅርብ ናት። ስንት ወንዝ እንዳለ፣ ሳይመሽ ይደረስ እንደሆነ ከጠየቁት ግን ነገሩ ሁሉ ይበላሻል።

የሚጠይቁት ሰው ከጠፋ እግር የረገጠውን ይከተሉ። የበግ ዱካ ወደ ሣርና ወደ ውኃ ይወስዳል፤ ራስ ደጀን ጫፍ ላይ የሚጋጥ በግ እስካሁን አልታየም እንጂ መንገድስ መንገድ ነው። አመሻሽ ላይ ከሆነ የጭላዳ መንጋ መከተልም ይቻላል። ጭላዳዎች ቀን ሜዳው ላይ ሣር ሲነጩ ውለው የሚያድሩት ገደል ላይ ነው፤ መንገዳቸው የት እንደሚያልቅ ከዚህ ይገመታል።

ጉም ሲወርድ ደግሞ የገደሉን አፋፍ ይዘው ይጓዙ፣ ለፎቶ ይመቻል። አንዳንዱ ቦታ እስከ 1500 ሜትር ስለሚወርድ ጉሙ ለአንድ ደቂቃ ቢገለጥ እንኳ ድካሙን ያስረሳል። ልብስዎ ጂንስና ጋቢ ይሁን። ሁለቱም ጥጥ ናቸው፤ ውኃ ጠጥተው ከነፋሱ ጋር ሲተባበሩ ምን እንደሚያደርጉ 4000 ሜትር ላይ ያዩታል።

ራስ ምታት ከጀመረዎ ቡና ስላልጠጡ ነው። ጠዋት አዲስ አበባ ነበሩ፣ በአውሮፕላን ጎንደር፣ ከዚያ በመኪና በአንድ ቀን 3620 ሜትር ላይ ወዳለው ጨነቅ ወጥተው አድረዋል፤ ይህ ከራስ ምታቱ ጋር ምን ያገናኘዋል? ሐኪሞች ከ3000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታን በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ ይላሉ። ሐኪሞች ደግሞ እረፍት ይወዳሉ።

በተረፈ መውጫ ያለው መንገድ አይምረጡ። የመኪናው መንገድ ጨነቅን አልፎ ቧሂትን ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ይዘልቃል፤ ከእሱ ሳይርቁ የሚጓዙ ሰዎች ሲያማቸው መኪና ያገኛሉ። እርስዎ ይራቁት። «እስከ ስንት ሰዓት ካልደረስን እንመለሳለን?» ብሎ የጠየቀ ጓደኛም ካለ ፈሪ ይባል፤ ሁለተኛ አይጠይቅም።

የመጨረሻው ነገር ቤተሰብ ነው። የትኛውን መንገድ እንደያዙ፣ መቼ እንደሚመለሱ ለማንም እንዳይነግሩ። እናትዎ አጥብቀው ከጠየቁ «ጎንደር ሰርግ አለብኝ» ይበሏቸው። ሦስት ቀን ቢዘገዩ የሚፈልግዎ ሰው መጀመሪያ የጎንደርን ድንኳን ሁሉ ያዳርሳል፤ ያውም በሐምሌ የሚደገስ ሰርግ ካገኘ።